እሳቱን ቀንሺ

[የማሊዋ ሴጉ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ። በግቢው የተረፈው ከሰል በሙሉ ንጎሎ ሻይ የጣደበት ምድጃ ላይ ነው። ለጋብቻ የጠየቃት ልጅ አጎት ፋዲያላ መልስ ሊሰጡ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ በአገሩ ወግ እንግዳ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ሳይጠጣ አይሄድም። የታላቅ ወንድሙ ሚስት ሲታን ለእንግዳው የምትሠራው የኦቾሎኒ ወጥ ጥሬ ነው፤ ጓዳ ያለው ምድጃዋ ባዶ። ጉጠት ይዛ ቆማለች፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። እንደ አገሩ ልማድ እሷና የባሏ ታናሽ ወንድም እየተሰዳደቡ ይቀላለዳሉ፤ «ትንሹ ባሌ» ትለዋለች።]

ሲታን፦ አንድ ፍም አልኩህ እኮ! አንድ!

ንጎሎ፦ አልሰጥም! አጎቷ ልጅቷን የሚሰጡኝ ሦስተኛውን ብርጭቆ ጠጥተው ነው፤ ወጥሽን ቀምሰው አይደለም።

ሲታን፦ ታዲያ በባዶ ሆዳቸው?

ንጎሎ፦ አንቺ አደንጓሬ በላተኛ! ከሆድ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?

ሲታን፦ አደንጓሬ በላተኛስ የእናንተ ዘር! ይልቅ በራድህ ሊገነፍል ነው፣ ትንሹ ባሌ።

ንጎሎ፦ [ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ] እውነትም በዛ። አረንጓዴ ሻይ ቁጣ አይወድም። እሳቱን ቀንሺ።

ሲታን፦ ልቀንስ?

ንጎሎ፦ ስንቴ ልንገርሽ?

[ሁለት ፍም በጉጠት አንስታ ምድጃዋ ውስጥ ጨመረች።]

ንጎሎ፦ [ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ከላይ እያንቆረቆረ] አረፋ ማለት ሳንቲም ጣል ቢያደርጉበት የሚሸከም ነው። ይሄ ግን ገና ነው። [መልሶ በራዱ ውስጥ ገለበጠው።]

ሲታን፦ ሰውየው ጠምቷቸዋል።

ንጎሎ፦ ይጥማቸው! ስቸኩል ካዩኝ ልጅቷ ቀረች።

ሲታን፦ ናናውስ መቼ ነው የሚገባው?

ንጎሎ፦ እሱ ላንቺ አይገባሽም። አሁን ቢገባ ድርቆሽ ድርቆሽ ነው የሚለው። ቀንሺ!

ሲታን፦ አሁንም?

ንጎሎ፦ ወይ ያንቺ ጭንቅላት!

[አራት ፍም ወሰደች። ከጓዳ የወጥ መንተክተክ ተሰማ።]

ንጎሎ፦ ስሚ! እንዲህ በቀስታ ሲንተከተክ ነው ሻይ የሚጥመው።

ሲታን፦ ያንተ ነው የሚንተከተከው?

ንጎሎ፦ የማን ሊሆን ኖሯል?

[የቀረውን ፍም ማንም ሳያዛት ወሰደች። ንጎሎ ያንቆረቁራል፤ ይመልሳል። ፀሐይ ወደ ወንዙ አዘነበለች።]

ንጎሎ፦ [በራዱን ዳሰሰ] እጅ እንኳ አያቃጥልም! የሠለጠነ እሳት ይሄ ነው። በይ፣ የመጀመሪያውን ውሰጂላቸው።

ሲታን፦ [ከሳሎን ባዶ ሳህንና ብርጭቆ ይዛ ወጥታ] ሄዱ እኮ።

ንጎሎ፦ ሦስተኛውን ሳይጠጡ? ጠሉኝ ማለት ነው! አለቀልኝ!

ሲታን፦ ሦስቱንም ጠጥተዋል። ወጡን አውርጄ የእናትህን አሮጌ በራድ ጣድኩ።

ንጎሎ፦ በየትኛው እሳት?

ሲታን፦ ቀንሺ ባልከኝ።

[ንጎሎ ጎንበስ ብሎ ምድጃውን አየ። አመድ ነው።]

ንጎሎ፦ እና... ምን አሉ?

ሲታን፦ ልጅቷን ሰጥተውሃል። «እንዲህ አድርጎ ሻይ የሚያፈላ ልጅ ትዳር ያውቃል» አሉ። ዝም አልኩ። ምን ላድርግ፣ ላዋርድህ?

ንጎሎ፦ [ደረቱን ነፋ] አላልኩሽም? ሁሉም ነገር እሳቱን መቀነስ ነው!

ሲታን፦ ነገ ወንድሞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። መሀላቸው ቁጭ ብለህ ታፈላላቸዋለህ።

[ንጎሎ ከራሱ ሻይ አንዴ ተጎነጨ። ለመዋጥ ጊዜ ወሰደበት። ጉጠቱን ከእጇ ተቀብሎ በርጩማ አቀረበላት።]

ንጎሎ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ሲታንዬ... ናናው መቼ ነው የሚገባው?