የአበባው ጉንጉን በአንገት ወይስ በእጅ?

የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ሻቩዖት የሚባለው የመከር በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ 1993 በፈረንጆች አቆጣጠር
ሰዓት፦ ከቀኑ አሥር ሰዓት
ቦታ፦ ቂርያት ጋት፣ የወይዘሮ አያለች ሳሎን (ሁልጊዜ የምንሰበሰብበት የሕንፃው የቦምብ መጠለያ ቁልፍ ያለው ሰው ፈረቃ ላይ ስለሆነ)

የተገኙ፦
አባ አግደው፣ ሰብሳቢ
ወይዘሮ ሙሉሽ፣ አባል፣ በመዋዕለ ሕፃናት ምግብ የሚያበስሉ
አቶ ቸሩ፣ አባል፣ ኡልፓን የሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብተው ዕብራይስጥ ጨርሻለሁ የሚሉ
ስመኘው፣ ጸሐፊ፣ ለዛሬ ደግሞ ባለጉዳይ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት ሰው ይላል። አራት ሆነን ልንበተን ስንል ባል የሞተባቸው የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አያለች “በቤቴ፣ በወንበሬ ተቀምጣችሁ እኔን የማትቆጥሩኝ ምን አድርጌ ነው?” ስላሉ ተቆጠሩ። ምልዓተ ጉባኤው ሞላ።

አጀንዳ፦ ጸሐፊው በሚሠራበት የሸሚዝ ፋብሪካ በበዓሉ ዕጣ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን የአንድ ሳምንት የደሴት ጉዞ ወጥቶለታል። ጉዞው ከመስከረም በዓላት በኋላ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ሲገባ ከማን ጋር እንደሚሄድ ካልተናገረ ግን ዕጣው ለሌላ ይሰጣል። የጸሐፊው ባለቤት አስናቁ፣ አዲስ አበባ ሆነን ወደዚህ መምጫችንን ስንጠብቅ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗል። ስለዚህ “ለሁለት” የሚለው ነገር ከብዶት ጉዳዩን ለኮሚቴው አቀረበ።

1. ስለ ደሴቲቱ

አቶ ቸሩ ፋብሪካው የሰጠውን ባለሥዕል ወረቀት ይዘው ማብራሪያ ሰጡ። የደሴቲቱን ስም ሦስት ጊዜ አንብበው ሦስት ዓይነት ስለወጣላቸው “ደሴቲቱ” ብቻ እንድትባል ተወሰነ። በአሸዋው ላይ ብዙ ሰው ተጋድሞ ይታያል። ሰብሳቢው ምን አግኝቷቸው እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ቸሩ እያረፉ ነው አሉ። ሰብሳቢው “ቅዳሜ ነው?” አሉ። አቶ ቸሩ በየቀኑ እንደሚያርፉ አስረዱ። ወይዘሮ ሙሉሽ፣ በየቀኑ ሰንበት የሚያከብር ሕዝብ ጻድቅ ይባል ሰነፍ የሚለው ጥያቄ እንዲመዘገብላቸው አሳሰቡ። ተመዝግቧል።

ወይዘሮ አያለች ሥዕሉን አየት አድርገው፣ ሸሚዝ ሰፊን ሸሚዝ ወደማይለበስበት አገር መላክ ለፋብሪካው ምን ይበጀዋል ብለው ጠየቁ። 

ሰብሳቢው፣ በሕጋችን ሰው የሚነጻው በሚፈስ ውኃ ነውና ባሕሩ የሚፈስ ውኃ ነው ወይስ የቆመ የሚለውን አነሡ። አቶ ቸሩ “ሲመጣ ሲሄድ ይውላል” አሉ። ሰብሳቢው “ሄዶ ከተመለሰማ መች ፈሰሰ!” ብለው ተቆጡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊው ውኃው በሚሄድበት ጊዜ ብቻ እንዲነከር፣ ሲመለስ ፈጥኖ እንዲወጣ ተወሰነ።

2. ስለ ኮኮናት

ይህን ያነሣው ጸሐፊው ራሱ ነው፤ ሳይባርክ መብላት ስለማይወድ፣ የምን ፍሬ እንደሆነ ለማወቅ። አቶ ቸሩ ፍሬው ድንጋይ እንደሚያህል፣ ጠጉር እንዳለው፣ ወተትም እንደሚገኝበት ገለጹ። ወይዘሮ ሙሉሽ “ጠጉር አለው፣ ወተት አለው፤ ታዲያ ፍየል ነው በሉና!” አሉ። አቶ ቸሩ ዛፍ ላይ እንደሚወጣ ጨመሩ። ሰብሳቢው ፍየልም ዛፍ ላይ ትወጣለች አሉ። ሥጋና ወተት አብሮ አይበላምና፣ ለጥንቃቄ ሲባል ኮኮናት ከሥጋ ጋር እንዳይበላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

3. ስለ አቀባበሉና ባህሉ

በወረቀቱ ላይ የአበባ ጉንጉን የያዙ ሴቶች ቆመው ይስቃሉ። ሰብሳቢው “እኒህ ልጆች ከመቼ ጀምሮ ነው ቆመው የሚጠብቁን?” ብለው አዘኑ። እንግዳ ተቀባይን አስቁሞ ማስጠበቅ ነውር ስለሆነ፣ አቶ ቸሩ የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጽፉና ልጆቹ እስከዚያው እንዲቀመጡ እንዲነገራቸው ተወሰነ።

ወይዘሮ ሙሉሽ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ከማያውቃት ሴት አበባ በአንገቱ ቢቀበል ምን ይባላል ሲሉ ተቃወሙ። ወይዘሮ አያለች “አንገቱ የራሱ ነው” አሉ።
“አንቺን ማን ጠየቀሽ?” አሉ ወይዘሮ ሙሉሽ።
“ማንም። እሱንም እኮ የጠየቀው የለም።”
ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱ። አጥላቂዋ ስድሳ ዓመት ካለፋት በአንገት፣ ካላለፋት በእጅ እንዲቀበል ተወሰነ።

ልጆቹ ይጨፍራሉ ስለተባለ፣ ለጨፈረልህ ሰው አለመመለስ ብድር ማስቀረት ነው በሚል ጸሐፊው እስክስታ እንዲመታላቸው ተወሰነ። ይችል እንደሆነ እዚሁ ይሞከር ተባለ። አቶ ቸሩ አጨበጨቡ።

(እዚህ ላይ ጸሐፊው እስክስታ ላይ ስለነበረ አልተመዘገበም።)

ወይዘሮ ሙሉሽ፣ ትከሻው መጀመሪያ እንደ ዛገ በር ነበር፣ ኋላ ግን አስፈራኝ ሲሉ መሰከሩ። ወይዘሮ አያለች ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው እስኪያነቡ ሳቁ። ጸሐፊው፣ አስናቁ ካረፈች ወዲህ ትከሻ እንዳለው ረስቶት እንደነበር ጻፈ። ሰብሳቢው፣ ይህ ለኮሚቴው አያስፈልግምና ይሰረዝ አሉ። ጸሐፊው ሳይሰርዘው ቀረ።

4. ከማን ጋር ይሂድ?

ሰብሳቢው፣ የደሴቲቱን ሽማግሌዎች የሚያነጋግር ሽማግሌ ያስፈልጋል ብለው ራሳቸውን ጠቆሙ። አቶ ቸሩ ያለ አስተርጓሚ እንዴት ይሆናል ብለው ራሳቸውን ጠቆሙ። ሁለት ሰው ሞላ። ጸሐፊው እዚሁ ቀርቶ ሲመለሱ የሚነግሩትን እንዲጽፍ ሐሳብ ቀረበ። ወይዘሮ ሙሉሽ ኮኮናት ይመጣልሻል ስለተባሉ ደገፉ። በሦስት ድጋፍ፣ በወይዘሮ አያለች ተቃውሞ ጸደቀ። ጸሐፊው እየጻፈ ስለነበር እጁን አላወጣም።

ወይዘሮ አያለች ተነሥተው፣ “አባ አግደው፣ አንቱን አከብራለሁ፤ ግን ዕጣው የማን ነው? ሰውየው ከማን ጋር መሄድ እንደሚወድ አንድ ሰው እንኳ ይጠይቀው!” አሉ። ሰብሳቢው ጠየቁት።

 ጸሐፊው፣ ደስታ ይገባኛል ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ይህንንስ ነገር ወደ ኮሚቴ ያመጣው ምክር ፈልጎ ነው፣ ወይስ ስብሰባው በዚህ ሳሎን እንደሚሆን ስላወቀ? እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ በፊቱ መዋሸት አይቻልም። ብዕሩን አስቀምጦ፣ “ወይዘሮ አያለች ፈቃድዎ ከሆነ፣ በወግ በማዕረግ ተጋብተን፣ ከእርስዎ ጋር” አለ።

 አቶ ቸሩን ከቤቱ ቀርቦላቸው ይቆረጥሙት የነበረው ኦቾሎኒ ትን አላቸው።

ወይዘሮ አያለች፣ “እኔ አጀንዳ ነኝ? ሴት በስብሰባ ትጠየቃለች? ደንብ አለው፤ ሽማግሌ ይላካል!” አሉ።
ሰብሳቢው፣ “ታዲያ እኛ ማን ነን?” አሉ።
“አሁን ኮሚቴ ናችሁ። ሽማግሌ በር ላይ ይቆማል እንጂ ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ ኦቾሎኒ አይቆረጥምም።”

ንግግሩ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ሰብሳቢው ወዲያው የሁለቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። አምስተኛው ላይ ከወይዘሮ ሙሉሽ ጋር ተጣልተው እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ዝምድና አልተገኘም።

5. የመጨረሻ ውሳኔ

ከተራ ቁጥር 1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ፣ ነከራውም፣ ፍየሉም፣ ደብዳቤውም፣ አንገቱም፣ ተጓዦቹም፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ኮሚቴ ሴት ሊጠይቅ ስለማይችልም ኮሚቴው ለዛሬ ኮሚቴነቱን ተወ። ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተዘጋ። አባላቱ ጫማቸውን አድርገው ወጡ፤ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ ዞረውም አንኳኩ።

ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይቆምምና ጸሐፊው ይህን የሚጽፈው ከደረጃው ላይ ተቀምጦ ነው።

“ማን ነው?” አሉ ወይዘሮ አያለች ከውስጥ።
“እኛ ነን፤ ለደግ ነገር የመጣን” አሉ አባ አግደው።
“ትንሽ ቁሙልኝ። ኮሚቴ የሚሏቸው ሰዎች ቤቱን አዝረክርከውት ሄደዋል፤ ልጥረግ።”

መጥረጊያው ሲሄድ ይሰማል። ቆየት ብሎ መጥረጊያው ቆመ።

“ለመሆኑ እዚያ ደሴት ማታ ማታ ይበርዳል?”
“ኧረ አያለች፣ እኛ ገና ምንም አልጠየቅንም!”
“እኔም ገና አልመለስሁም። ግን ይበርዳል ወይ? የምይዘውን ልወቅ።”

ስመኘው፣ ጸሐፊ የነበረ