የአቶ ቮርንለ እጅ እና የአማቻቸው ማሽን

በየሰፈሩ የሰው መኪና ላይ የሚያጎነብስ አንድ ሰው አይጠፋም። የናንተ ሰፈር ውስጥ ካጣችሁት፣ ወይ ደህና አድርጋችሁ አልፈለጋችሁም፣ ወይ ራሳችሁ ናችሁ። ይህ ሰው መኪና አይሰርቅም፤ አይነካምም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ አፍንጫውን ከላሜራው በስንዝር አርቆ ያያል። ከዚያ ቀና ይልና ባለቤቱን በሐዘኔታ ይመለከተዋል። የራጅ ውጤት ይዞ የሚወጣ ሐኪም እንዲህ ያለ ፊት አለው።

የኛ ሰፈር ሰው ክቡር አቶ ኦይገን ቮርንለ ይባላሉ። ከሽቱትጋርት ወደ ኮረብታው ወጣ ብላ በተቀመጠችው ትንሽ ከተማችን ለብረት ማቅለጫ የእንጨት ቅርጽ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰባን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ሌላው ጡረተኛ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ መነጽር ይይዛል፤ እሳቸው ቀጭን የእጅ ባትሪ ይይዛሉ።

የተዋወቅነው አንድ ቅዳሜ መኪናዬን አጥቤ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እየተኩራራሁ ሳለ ነው። መንገዱን ተሻግረው መጡ።

"ጎረቤት፣ በምንድነው ያጠብካት?"

"በስፖንጅ።"

"ስፖንጁ መሬት ወድቆ ያውቃል?"

"እንግዲህ… አንዴ ሳይወድቅብኝ አልቀረም።"

"አንዴ" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ መላው ሰፈር በቃሉ የሚያውቃትን ንግግራቸውን አመጧት፦ "ለማንኛውም ፀሐይ ትመስክር።"

ፀሐይም ደመናውን ገለጥ አድርጋ መሰከረችብኝ። ጥላ ውስጥ ሆኖ የማያምር መኪና የለም። ፀሐይ ስታርፍበት ግን ቀለሙ ውስጥ ክብ ክብ የሆነ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ጭረት ብልጭ ይላል። የቆሸሸ ስፖንጅ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ የላቫጆ ብሩሽ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ያን ቀን ድረስ ይህን ሳላውቅ በሰላም ኖሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የማንንም መኪና በፀሐይ ማየት አልቻልኩም። ዓይኔን አበላሹት ሰውየው።

መፍትሔውም እሳቸው ዘንድ አንድ ብቻ ነው፦ እጅ። ጨርቁ በአራት ይታጠፋል፤ የአተር ፍሬ የምታክል ፖሊሽ ጠብ ይደረግበታል፤ ሳህን የምታክል ቦታ ትመረጥና ቀጥ ባለ መስመር ወዲያና ወዲህ ትታሻለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ሳህን። ከዚያ ሌላዋ። "ማሽን የሚያውቀው መዞር ነው" ይላሉ። "እጅ ግን ይሰማል።" ጥቁሯን አሮጌ መኪናቸውን እንዲህ ሲያሹ ፀደይ መጥቶ ይሄዳል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትራውድል በመስኮት ብቅ ብለው፣ "እኔን እንደዚህ አሽቶኝ ቢሆን ኖሮ እኮ ዛሬም ልጃገረድ ነበርኩ" ይላሉ።

አንዴ የትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው አሉ። መንጃ ፈቃዳቸውን ሰጥተው ከመኪናቸው ወረዱና የፖሊሱን መኪና ይዞሩት ጀመር። "ይቺ በብሩሽ ነው አይደል የምትታጠበው?" ብለው ጠየቁት። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን መልሶ፣ መልካም ጉዞ ብሎ ሄደ። ሌላ ጊዜ ቀብር ላይ አብረን ቆመን ነበር። የሬሳው መኪና ፊት ለፊታችን ቆማለች፤ ፀሐዩ ደግሞ የጉድ ነው። ወይዘሮ ትራውድል ዓይናቸውን ከቄሱ ላይ ሳይነቅሉ ባላቸው ባትሪውን ሊያወጡ የሰደዱትን እጅ ቀብ አድርገው ያዙ። ኀዘናችን ባይሆን እዚያው እስቅ ነበር።

እንግዲህ በበረዶው ወራት ትከሻቸውን ታመሙና ኦፕራሲዮን ሆኑ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሻንጣቸውን ይዤ አብሬ ገባሁ። ወይዘሮ ትራውድል በር ላይ ፊታቸው ፈክቶ ጠበቁን። ባላቸውን ለማስደሰት ብለው ጥቁሯን መኪና፣ እነዚያ ትልልቅ ብሩሾች የሚሽከረከሩበት ላቫጆ ወስደው አሳጥበዋታል። "ተመልከት እስቲ፣ ንጹሕ አይደለችም?" አሉ።

ያን ቀን ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከኮፋኖ እስከ ኋላ መብራት ድረስ ቀለሙ በድር ተሸፍኗል። የሰፈሩን መኪና ሁሉ ሲያሳጡ የኖሩት ሰው አንዴ ቀስ ብለው ዞሯት።

"ንጹሕ ናት" አሉ። "እጅሽ ይባረክ።"

ከዚያ ቤት ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ችግሩ ሰኔ ላይ መጣ። አንድ ልጃቸው ፍሪደሪከ ሃምቡርግ ነው የምትሠራው፤ እጮኛዋም የዚያው የሰሜን ሰው ነው። ሠርጓ ግን አባቷ ቤት እንዲሆን፣ ማዘጋጃ ቤትም በዚያች በጥቁሯ መኪና አባቷ ራሳቸው እየነዱ እንዲወስዷት ፈለገች። ከልጅነቷ ጀምሮ የተናገረችው ነው። ሐኪሙ መንዳት ፈቅዶላቸዋል፤ ማሸት ግን አይታሰብም ብሏቸዋል።

"ልጄን በዚህች መኪና ይዤ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ላቁም?" አሉኝ በአጥሩ በኩል።

"ማን ያየዋል ብለው ነው?"

"እኔ አያለሁ።"

ሠርጉ ዓርብ ጠዋት ነው። ረቡዕ ማልተ የሚባለው እጮኛ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ዘለግላጋ፣ ከሃምቡርግ የፖሊሽ ማሽን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። አቶ ኦይገን ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

"ምንድነው እሱ? የወለል መወልወያ?"

"የአንድ ከሰዓት ጊዜ ይስጡኝ ብቻ፣ አቶ ኦይገን። ካልወደዱት አቆማለሁ።"

ሌላ አማራጭ አልነበራቸውምና ፈቀዱ። ማልተ ከጣሪያው ጀመረ፤ ወደ ኋላ ሄደ፤ በሮቹን ተያያዘ። ማሽኑ እዝዝ ሲል አማቱ ወንበር አውጥተው ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው ጨብጠውት ተቀመጡ። ሲያበቃ ባትሪያቸውን አውጥተው አጎነበሱ። እኔም ከጎናቸው አጎነበስኩ። የሚታይ ነገር የለም። ጥቁሩ ቀለም ወደ ውስጥ ብቻ ይጠልቃል። በፀደይ ሙሉ በእጅ ታሽቶም እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ይህን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

"እህስ?" አለ ማልተ።

"ጣሪያው ጥሩ ነው" አሉ አቶ ኦይገን። "ምን ያደርጋል፣ የሚያዩት ወፎች ብቻ ናቸው።"

በኛ አገር ሰው አፍ ይህ ሽልማት ነው። ማልተ ግን አልገባውም።

"ኮፋኖውና ፓራፋንጎዎቹ ናቸው የቀሩት" አለ ገመዱን እየጠቀለለ። "ነገ ጠዋት እጨርሳቸዋለሁ።"

"ነገ" አሉ አቶ ኦይገን። "እሺ። ነገ።"

ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ነገ የቅዱስ ቁርባን በዓል ነው። እኛ ደቡብ ያለነው ዘግተን እንውላለን፤ ማልተ ባደገበት ሰሜን ግን ተራ የሥራ ቀን ነው። እዚህ በበዓል ቀን ማሽን ማስነሳት ይቅርና የመኪና በር እንኳ ቀስ ተብሎ ነው የሚዘጋው። በዓሉ የካቶሊኮች ነው፤ አቶ ኦይገን ደግሞ ፕሮቴስታንት ናቸው። ጸጥታው ግን የሁላችንም ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማልተ ማሽኑን ሰካ። አንዴ እዝዝ ከማለቱ የመንገዱ መስኮቶች ተራ በተራ ተከፈቱ። ፎቅ ላይ ያሉት ወይዘሮ ክሌም ፀጉራቸውን እንደጠቀለሉ ብቅ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ በዓል ነው።"

"የምን በዓል?"

ፍሪደሪከ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ ከቤት ወጣች። "ውይ" አለች። "እዚያ ስለማይከበር ጭራሽ ከአእምሮዬ ወጥቶ።"

"ጋራዡን ዘግቼ ብሠራስ?" አለ ማልተ።

"ወይዘሮ ክሌም ሲዘጋ ነው ይበልጥ የሚሰሙት" አሉ አቶ ኦይገን።

ማልተ ትክ ብሎ አያቸው። "ትናንት ያውቁ ነበር?"

"መቼ ጠየቅከኝ?"

ይህን ብለው ከኪሳቸው በአራት በአራት የታጠፉ ጨርቆች አወጡ። አንዱን ለማልተ ሰጡት፤ አንዱን ለኔ ዘረጉልኝ።

"እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?"

"ያንተ ትከሻ ደህና ነው አይደል?"

እንዲህ ሆነን ተያያዝነው። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዛሉ። "አታሽከርክረው፣ ቀጥ አድርገው።" "አትጫነው፣ ሊጥ አይደለም።" "ጨርቁን ገልብጥ፤ ሌላም ፊት አለው።" አንዱን ሳህን ጨርሰን ወደ ሌላው እንሻገራለን፤ ጥሩንባና ከበሮ የያዘው የበዓሉ ሰልፍ በታች በኩል ሲያልፍ መስታወት ይንቀጠቀጣል።

"ሰልፉ እያለፈ ባስነሳው ማን ይሰማኛል?" አለ ማልተ ላቡን እየጠረገ።

"እግዜር ይሰማሃል። ወይዘሮ ክሌም ደግሞ ከሱ ይቀድማሉ።"

ምሳ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ትራውድል የድንች ሰላጣና ቋሊማ ይዘው መጡ። ቆም ብለው አዩን። "ለመሆኑ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትታሸው? እኔ አሳጥቤያት አልነበር?"

ማልተ ቀና አለ። "ይሄማ እኮ የላቫጆ ብሩ—"

አቶ ኦይገን እግሩን ረገጡት። እንደዚያ ሲፈጥኑ አይቻቸው አላውቅም። "የጥድ አበባ ብናኝ ነው" አሉ። "ካንቺ እጥበት በኋላ የወረደ ነው።"

"እሱስ ዘንድሮ በዝቷል" ብለው ሳህኖቹን አስቀምጠው ገቡ።

ማልተ የተረገጠ እግሩን እያሻሸ አማቱን ለጥቂት ጊዜ ተመለከታቸው። ከዚያ ጨርቁ ላይ ፖሊሽ ጠብ አደረገና ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ አንዴም አላማረረም።

ወደ ማታ ጨረስን። ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ መስሎኝ ነበር። አቶ ኦይገን ባትሪያቸውን አብርተው ኮፋኖውን መረመሩ። ድሩ ለቋል፤ ጠለቅ ያሉ ጥቂት መስመሮች ግን አልለቀቁም።

"እነዚህን ማሽኑ ያወጣቸው ነበር" አለ ማልተ በለሆሳስ።

"ያወጣቸው ነበር" አሉ አቶ ኦይገን። "ያንተ በሮች ከኛ ኮፋኖ ይበልጣሉ። ለማንም ትናገርና።"

"ለማን እናገራለሁ?"

"ለወይዘሮ ክሌም።"

ዓርብ ፀሐይዋ ወጣች። መኪናዋ ደጅ ላይ ቆማ ሳያት እኔ ራሴ የዳርኩ መሰለኝ። አቶ ኦይገን ሱፋቸውን ለብሰው ከአጠገቧ ቆመዋል፤ ዝንብ እንዳያርፍባት የሚጠብቁ ይመስላሉ። ፍሪደሪከ ወጣች። ቀሚሷ ከወገቧ ጀምሮ እስከ ታች የብርጭቆ ዶቃ ተሰፍቶበታል። ፎቶ አንሺው "መኪናዋን ጠጋ በይ" አላት። ልጅቱ ደስታ በደስታ ሆናለች፤ ፓራፋንጎው ላይ ዘና ብላ ተደገፈች። ከዚያ "እማዬ፣ ነይ እንጂ" ብላ ለእናቷ ቦታ ለመልቀቅ በዚያው እንደተደገፈች ሸርተት አለች።

ድምፁን ሰማሁት። ክርርር ነው ያለው። ማልተም ሰምቷል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። "ፍሪደሪከ፣ ከዚያ ላይ ተነ—"

አቶ ኦይገን በደህናው እጃቸው ክንዱን ጨምድደው ያዙት። "ዝም በል" አሉት በሹክሹክታ። "ተዋት።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "እንደዚያው ሁኚልኝ፣ የኔ ልጅ። እዚያ ጋ ብርሃኑ ጥሩ ነው" አሉ። ይህን ብለው ጎማ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ አሉ። ጎማው ምንም አልሆነም።

ትከሻቸው አሁን ድኗል። ማልተ ማሽኑን ትቶላቸው ሄዷል፤ በሥራ ቀን የጋራዡ በር ተዘግቶ እዝዝ ሲል የምንሰማ ሰዎች አለን፤ አንዳችንም አላነሳንባቸውም። ባለፈው ልጃቸውን ሊጠይቁ ሃምቡርግ ሄደው ቆዩ። ቅዳሜ መኪናዬን አጥቤ ደጅ ላይ ቆምኩ። የሚሻገር ሰው የለም። ስፖንጁን ሆን ብዬ መሬት ጣልኩት፤ ማንም አልመጣም። ያን ዕለት ሰፈሩ እንዴት እንደቀፈፈኝ።

ሲመለሱ ከደስታዬ ብዛት እኔ ነኝ የተሻገርኩት። የዶቃው ጭረት አሁንም ፓራፋንጎው ላይ አለ፤ ከቤቴ በር ሆኜ እንኳ ይታየኛል።

"ይሄ እኮ በማሽኑ ወዲያው ይለቃል" አልኳቸው።

አጎነበሱ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ግራ እንደገባው ሰው ተመለከቱኝ።

"የቱ?" አሉኝ።