ስትወጡ ዝጉ

ትናንት ምሳዬን እንደበላሁ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም ከንቱ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።

መሥሪያ ቤቱ ያው የኛው ነው። ኮምፒውተሮቹ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ እኛ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ ሥር ተደርድረናል፣ ከያንዳንዳችን ጀርባ ገመድ ወጥቶ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ይህ ማንንም አልገረመውም። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ይዞ ውጭ ተሰልፏል፤ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሻያቸውን ፉት እያሉ ነገ ተመለስ ይሉታል። እሱም እሺ ጌቶቼ ብሎ ከሰልፉ ጭራ ሄዶ ይቆማል። መዝገብ ቤት ደግሞ ፋይሎቹ ሰዎችን ከመደርደሪያ እያወረዱ አቧራቸውን ያራግፋሉ።

የኔን ወንበር የያዘው የእትዬ አስካለ ኮምፒውተር ነበር። በዳንቴሉ ነው ያወቅሁት፤ እንደ ነጠላ ተከናንቦታል። እትዬ አስካለ የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ናቸው፣ ኮምፒውተራቸውን በዘጉ ቁጥር በእጃቸው በሠሩት ነጭ ዳንቴል ይሸፍኑታል። ጠዋት ቢሮዬ መጥተው ለምነውኝ ነበር። ልጃቸው ማስተዋል ጋምቤላ ነርስ ሆና ስትሠራ የጻፈችላቸው ደብዳቤ ሁሉ ኢሜይላቸው ውስጥ ነው። ኢሜይሉን የከፈተችላቸው እሷ ናት፣ ፓስወርዱን የሚያውቁት እሷና ማሽኑ ብቻ ናቸው፣ ፓስወርዱ ቢጠፋ ለማስመለስ የተመዘገበውም የሷው ስልክ ነው። ማስተዋል ደግሞ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው።

እኔ የመሥሪያ ቤቱን የአርባ ሦስቱን ኮምፒውተር ብሮውዘር፣ ማለት ኢንተርኔት የሚከፈትበትን ፕሮግራም፣ ከአንድ ቦታ የማዝዝ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የሚከፈተውን ገጽ፣ የሚታገደውን፣ የሚረሳውን ሁሉ የምወስነው እኔ ነኝ። አዲሱ ትእዛዝ፣ ብሮውዘሩ ሲዘጋ ያስቀመጠው ፓስወርድ ሁሉ ይጥፋ የሚል ነው። የኔን ተወው ሲሉኝ እየጻፍኩ ሰማኋቸው፤ ሰማሁ ከተባለ። ሕግ ለሁሉም አንድ ነው ብዬ ሸኘኋቸው፣ ትእዛዙንም ልኬ ምሳዬን በላሁ።

እና በሕልሜ ያ ባለ ዳንቴል ኮምፒውተር አንድ ቁልፍ ሲጫን አርባ ሦስታችንም እኩል ማሰብ ጀመርን። የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ፣ እኔው የመጀመሪያ ገጽ ያደረግሁት ማስታወቂያ ነበር፤ የእሳት ማጥፊያው ደረጃው ሥር ነው የሚል። የገንዘብ ክፍሉ ገዛኸኝ ስለ ወንድሙ ሰርግ ሊያስብ ሲሞክር ግንባሩ ላይ «ይህ ሐሳብ በአስተዳዳሪው ታግዷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ትንሽ ቆይቶ፣ ከበሩ የሚወጣ ሁሉ ይጸዳል ተባለ።

ቀድሞ የወጣው ገዛኸኝ ነው። ሁለት ሴት ልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን አዝለው ደጅ ይጠብቁታል። አባዬ ብለው ሮጡ። እሱ ጎንበስ አለና በትሕትና ማንን ፈልጋችሁ ነው አላቸው። ትንሿ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ እዚያው አለቀሰች።

ተራው የኔ ሆነ። እኔ ደግሞ የአባቴ ድምፅ አለኝ። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከግቢው በር ላይ ሙልዬ እያለ ሲጠራኝ የትም አልተቀዳም፣ ያለው እኔ ውስጥ ብቻ ነው።

«ሌላውን ሁሉ ውሰድ» አልኩት ባለ ዳንቴሉን ኮምፒውተር። «የአባቴን ድምፅ ብቻ ተውልኝ።»

«ሕግ ለሁሉም አንድ ነው፣ ልጄ» አለኝ። ድምፁ የእትዬ አስካለ ነው።

«ምክንያቴን እንኳ ስማኝ።»

«አንተ ሰምተህ ነበር?»

ገፍቶ አስወጣኝ። ደጅ አንድ ሽማግሌ ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ እኔ ግን ምንም አይሰማኝም። ማን እንደሆኑም አላውቅም። ብቻ ዝም ብዬ አለቅስ ነበር።

ነቃሁ። ስክሪኑ ላይ «አርባ ሦስት ኮምፒውተሮች፣ ትእዛዙ ደርሷል» ይላል። ቢሆንም ጊዜው አላለፈም አልኩ፤ ትእዛዙ የሚሠራው ብሮውዘሩ ሲዘጋ ነው፣ እትዬ አስካለ ደግሞ ምሳቸውን የሚበሉት የልጃቸውን ደብዳቤ ከፍተው እያነበቡ ነው። ማሽናቸውን ከዝርዝሩ አወጣሁና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።

ኮምፒውተሩ ዳንቴሉን ለብሷል። እትዬ አስካለ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዱ ነበር።

«እትዬ፣ ዘጉት እንዴ?»

«ዘጋሁት እንጂ። እጄን ልታጠብ ስወጣ። ስትወጡ ዝጉ ብለህ ለጥፈህ የለ?»

ግድግዳውን አየሁ። ማስታወቂያው እዚያው ነው፤ ፊርማዬም ከነማኅተሙ።

ፊቴን አይተው ጠዋት በነገሩኝ ነገር ያዘንኩ መሰላቸው። አንተ ሰው እንደማታስከፋ አውቃለሁ፣ የኔን እንደተውክልኝም አውቃለሁ አሉኝ። ወንበር ሳቡልኝ። ተቀመጥኩ። እሳቸው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ዳንቴሉን በጥንቃቄ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፣ ማሽኑን አበሩ።

«ዛሬስ ለአንተም አነብልሃለሁ» አሉኝ። «የመጨረሻዋን። ስሚኝማ እማዬ ብላ ነው የምትጀምረው።»