ከዘራ ይዛችሁ እንዳትመጡ

ቢኒ፣ ስማኝማ። ቮይስ የላኩልህ እንዳታቋርጠኝ ብዬ ነው። ስደውልልህ "ተረጋጋ፣ ተረጋጋ" ትለኛለህ፤ እኔ ደግሞ ተረጋጋ ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ። አሁን ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሰው ሲያልፍ ድምፄን እቀንሳለሁ፤ ያኔ ቮልዩም ጨምር።

ቆይ ግን፣ ሰው ጡረታ ሊወጣ ሲል ለምንድነው ሁሉም እንደ በሽተኛ የሚያናግረው? አስተውለህ ታውቃለህ? ፋዘር ያው ፋዘር ነው። ድምፁ ያው፣ ኩርፊያው ያው፣ ሻይ ላይ የሚጨምረው ስኳር ያው። ጡረታው መቅረቡ ከተሰማ ጀምሮ ግን ጎረቤቱ በሙሉ "አይዞዎት" ይለዋል። ምን ሆነና ነው አይዞዎት?

በቀደም ከተክለ ሃይማኖት በአውቶብስ ስንመጣ አንዷ ልጅ ተነስታ "አባባ፣ ይቀመጡ" አለችው። እኔ ጦፍኩ። "ይችላል! መቆም ይችላል!" ብዬ ጮህኩባት። አውቶብሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ምንም። ፋዘር እጅጌዬን ጎተት አድርጎ "እኔ እንኳ ደክሞኝ ነበር" አለና ተቀመጠ። እሷን መርቆ መርቆ አልጠግብ አለ፤ እኔን እስከ ልደታ አላናገረኝም።

ፋዘርን ታውቀዋለህ፤ ሥራውን ግን በደንብ የምታውቀው አይመስለኝም። ሰንጋ ተራ ያለው መሥሪያ ቤታቸው የሠራተኛ ሰርቪስ ሹፌር ነው። ነበር። ነበር ማለት ገና አለመድኩም። ግራ ጉልበቱ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ነው ያለቀው። ጠዋት ሰፈሩ ሳይነሳ ይወጣል፣ ማታ ሁሉንም በየቤቱ አራግፎ ይመጣል። ለቅሶ ይደርሳል፤ ቆሞ ነው። ሠርግ ይጠሩታል፤ ሳይበላ ይወጣል።

አንዴ ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ባልና ሚስት ተጣሉና ለሽምግልና ጠሩት፤ ከጋሽ ሁሴን ጋር። ጋሽ ሁሴን ምድር ቤት ያሉት ናቸው፣ የወሎው ሰውዬ፣ ጨርቅ ነጋዴው። እሳቸው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው "እስቲ አንቺ ጀምሪ፣ ልጄ" ይላሉ። ይሰማሉ። ቢመሽም አይቸኩሉም። ፋዘር ግን ሰዓቱን ያያል፣ በሩን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኧረ ቶሎ ታረቁ፣ ሠራተኛው ፌርማታ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው!" ባልና ሚስቱ ደንግጠው ታረቁ። እስካሁንም አብረው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ግን ፋዘርን ለሽምግልና የጠራ የለም። እኛ ቤት ይሄ ቀልድ ነው። ማለቴ፣ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

እና ሰዓዳ ደወለች። ሰዓዳ መሥሪያ ቤታቸው የሰው ሀብት ክፍል ናት፤ ሽኝት የምታዘጋጀው እሷ ነች። "ወንድሜ፣ የጋሽ ወርቅነህ ሽኝት ደርሷል። ለጡረተኛ የምንሰጠው ያው ጋቢና ከዘራ ነው። ምን ዓይነት ከዘራ እንደሚወዱ ልጠይቅህ ብዬ ነው" አለችኝ። በትህትና ነው ያለችው። እኔ ግን ከዘራ ስትል ሌላ ነገር ነው የሰማሁት። እማዬ ካለፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ታውቃለህ።

"ከዘራ ይዛችሁ እንዳትመጡ!" አልኳት። መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ሰው ቆሞ ያየኛል። "አባቴ አልሸመገለም! በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው!"

"እሺ ወንድሜ፣ እንዳልክ። ታዲያ ምን እንግዛላቸው?"

"ስኒከር! ስኒከርና ቱታ! ጠዋት ጠዋት ይሮጥበታል!"

ማን ነው የሚሮጠው? ፋዘር! ዝናብ ሲመጣበት እንኳ በእርጋታ የሚራመድ ሰው! የጫማ ቁጥሩን ሁላ ነገርኳት።

ሽኝቱ ባለፈው ዓርብ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፣ እኔ ፊት ነኝ። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ሰው አብረውት ነው የሚወጡት። መጀመሪያ እሳቸው ተጠሩ። ጋቢ ደረቡላቸው፣ ከዘራ አስጨበጧቸው፣ እልልታው ቀለጠ። መድረክ መሪው "በሉ አባታችን፣ ይመርቁን" አለ። ቢኒ፣ ሰውዬው እኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ አምፖልና ሳሙና ሲያድሉ የኖሩ ናቸው። ያንን ከዘራ ከፍ አድርገው "ኑሩልኝ፣ ክበሩልኝ" ሲሉ አለቃቸው ሳይቀር ብድግ ብሎ "አሜን" አለ።

ቀጥሎ ፋዘር። ካርቶን ሰጡት። ጎንበስ ብሎ ከፈተው። ቱታና ሶሉ አረንጓዴ የሆነ ስኒከር። ከኋላ አንዱ "ጋሽ ወርቅነህ ለማራቶን!" አለ፣ አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ይወዱታል። ፋዘርም ፈገግ አለ። እኔ ግን ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ትራፊክ ሲያስቆመው የሚያሳያት ናት። ማይኩ አጠገቡ ነበር። ቆሞ ጠበቀ። ጉሮሮውን ጠርጎ ጠበቀ። መድረክ መሪው "አሁን ወደ ለስላሳው እናልፋለን" አለ።

ስኒከር የያዘን ሰው ማን መርቀን ይለዋል?

በእግራችን ተመለስን። ካርቶኑን ልያዝልህ ስለው እምቢ አለ። "ደስ አላለህም?" ብለው "ደስ ብሎኛል" አለ። "ታዲያ ምን ሆንክ?" ብለው "ምንም" አለ። ምንም ሲሉኝ ደግሞ እሳት ነው የምሆነው። "ከዘራ ሊሰጡህ ነበር እኮ! እኔ ነኝ ያስጣልኳቸው!" አልኩት። እንዲያመሰግነኝ ነው እኮ።

እዚሁ ደረጃው ጋ ቆመ። የብረቱን መደገፊያ ያዘ። "አንተ ነህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ!"

ካርቶኑን አየው። ከዚያ "ሽማግሌ ሆኜ ልወጣ ነበር። ስፖርተኛ አድርገህ አወጣኸኝ" አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቤት ገብተን ጃኬቴን በሩ ኋላ ያለው ሚስማር ላይ ልሰቅል ስል እጄ አየር ላይ ቀረ። ሚስማሩን ሰሞኑን ነው ፋዘር የመታው። በጣም ዝቅ ብሎ ነው የተመታው፤ ጃኬቴ ሁሌ መሬት ይጠርግበታል። "ይሄ ሰውዬ ሚስማር መምታት እንኳ አይችልም" እያልኩ ስነጫነጭ ነው የከረምኩት። ለጃኬት ዝቅ ያለ ነው። ለከዘራ ልክ ነው።

በነጋታው ተክለ ሃይማኖት ሄጄ ከዘራ ገዛሁ። ሻጩ "እግራቸውን ነው?" አለኝ፤ ልንጣላ ነበር። ፋዘር ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣ እጀታውን ደባበሰው። ከዚያ መለሰልኝ። "አንተ ስትገዛልኝ እግሩን አሞት ነው ይሉኛል። ይሄን ሰው ነው የሚሰጥህ፣ ልጄ" አለ። ሰኞ ሰዓዳ ጋ ደውዬ ከዘራውን እናንተ ስጡልኝ ብዬ ለመንኳት። "ወንድሜ፣ ጆሮዬ ላይ የጮህክብኝ አንተ አይደለህ እንዴ?" አለችኝ። ሽኝቱማ አልፏል።

አሁን በየጠዋቱ ቱታውን ይለብሳል። ለኔ ብሎ ነው፣ እንዳይከፋኝ። ስኒከሩን አጥብቆ ያስርና ግቢ ወርዶ ቁጭ ይላል። ጋሽ ሁሴን ከዘራቸውን ይዘው በጄሪካን ተራ የተጣሉትን ሲያስታርቁ ከሩቅ ያያቸዋል። የግቢው ልጆች ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? ኮች! "ኮች፣ ኳሷን ያቀብሉን!" ይነሳል፣ ሄዶ ያቀብላቸዋል። ዛሬ ከዚህ ደረጃ ላይ ሆኜ አየሁት። ያነክሳል፣ ቢኒ። ፋዘር ያነክሳል። እኔ ዛሬ ነው ያየሁት።

ይኸውልህ፣ አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እንዳትዘጋው! ለመክሊት ቤተሰብ ሽማግሌ እልካለሁ ካልክ ስንት ጊዜ ሆነህ? አጎትህ አሉ፣ የንስሐ አባትህ አሉ፣ ሦስተኛ ሰው አጣሁ ትላለህ። የምን ሰው ማጣት ነው! ሰው ግቢ ቁጭ ብሎ ኳስ እያቀበለ!

እሁድ ትመጣለህ። ያንን ፀጉርህን ትስተካከላለህ። ከዘራ ትገዛለህ፤ እኔ የገዛሁትን አይቶታል፣ ያውቀዋል። ሻጩ "እግራቸውን ነው?" ካለህ "አይደለም፣ ሽማግሌ ናቸው" በለው። ገብተህ ጉልበቱን ትስማለህ፣ ከዘራውን በሁለት እጅህ ትሰጠዋለህ፣ "ጋሽ ወርቅነህ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ" ትለዋለህ። ከዚያ ዝም በል። ይመርቅሃል። ሲመርቅህ ሰዓት እንዳታይ፤ ረጅም ነው የሚሆነው፤ ከዓርብ ጀምሮ ጉሮሮው ላይ ነው ያለው።

ይቸኩልብኛል ብለህ ደግሞ እንዳትፈራ። አሁን ፌርማታ ቆሞ የሚጠብቀው የለም። የመክሊት አባት ሰው ያመላልሳሉ ብለኸኛል አይደል? "እናስብበት፣ ሌላ ቀን ኑ" ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ! ፋዘር ይመላለስልሃል።

ጫማ እንደሆነ አለው።