ሁለቴ የተጠየቀ ጭንቀት

አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚጠይቃችሁ ሰው ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ አላመናችሁም። ሦስተኛ ዓይነት ሰው የለም! «አለ» የምትሉ ካላችሁ የስደተኛ ቃለ መጠይቅ ተቀምጣችሁ አታውቁም ማለት ነው... ስለዚህ ዝም ብላችሁ አንብቡ።

እኔና ባለቤቴ ናይሮቢ ሳለን ለየብቻ አስገቡንና «አገር ቤት የነበራችሁበት ቤት ስንት በር አለው?» አሉን። እኔ «አንድ» አልኩ። እሱ «ሁለት» አለ፤ የኩሽናዋን መቁጠሩ ነው! ኩሽናዋ እኮ በር የላትም፤ ቆርቆሮ ነው የምንደግፍባት። ቆርቆሮ በር ነው፣ አይደለም ሲባል ጉዳያችን ስንት ጊዜ ተጓተተ መሰላችሁ! እስከ ዛሬ በተጣላን ቁጥር «አንተ ቆርቆሮ!» ነው የምለው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ ወዲህ የሞላሁት ወረቀት ፎቶ ሳይነሳ ከእጄ አይወጣም። የመብራት ቢል ይሁን፣ የልጆች ክትባት ይሁን፣ የጂም ማስታወቂያም ቢሆን ግድ የለኝም... ጠቅ! ደግሞ አንዴ ያልኩትን አልኩ ነው። ቢገለብጡኝ አልለውጥም።

እንግዲህ ልጄ ቤቲ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አምና እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ከአንዲት ፕሮፌሰር ጋር ሥራ አገኘች። ሥራው ምን መሰላችሁ? ጭንቀት መለካት!

«በምን ነው የሚለካው? በኪሎ ነው በሜትር?» አልኳት።

«በጥያቄ ነው እማ። ሰው ይሞላዋል፣ እኛ ስኮር እናደርገዋለን። አሁን ወደ ቻይንኛ ተተርጉሟል፤ ለቻይናውያን አዋቂዎች ይሠራል ወይ የሚለውን ቴስት እያደረግን ነው።»

«የሰው ጭንቀት ከምትለኪ የእናትሽን ለምን አትለኪም?»

«ያንቺን የሚችል መለኪያ አልተሠራም» ብላ ሳቀች። ኋላ ግን ፊቷ ጠቆር አለ። የሚሞሉ ቻይናውያን አጥታ ኖሯል። ፕሮፌሰሯ ደግሞ ነርሲንግ ትምህርት ቤት እንድትገባ ሬኮመንዴሽን፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የምትጽፍላት ይሄ ሥራ ሲያልቅ ነው።

ቻይና? እኔ ጋ መቼ ጠፋ!

ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው የምሠራው። ከኔና ከአንዲት ሜክሲኳዊት በቀር ሁሉም የቻይና ሴቶች ናቸው። አለቃቸው ባትሆንም አለቃቸው ሜይ ናት፤ እሷ ስትስቅ ይስቃሉ፣ እሷ ስትቆጣ ማሽኑም ዝም ይላል። ከሜይ ጋር አንሶላ አጣፊዎች ነን። ትልቁ አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው፤ እሷ ሁለት ጫፍ፣ እኔ ሁለት ጫፍ። ወጥረን እንራራቃለን፣ ከዚያ ጫፍ ለማገጣጠም እንቀራረባለን። ስንቀራረብ አንድ ነገር እናወራለን፣ ስንራራቅ እናስብበታለን። የሷም እንግሊዝኛ የኔም ከዚያ በላይ አይወስድም፤ ግን ምን ልበላችሁ፣ ከባሌ ይልቅ ከሷ ጋር እግባባለሁ።

ቤቲ በምሳ ሰዓት ወረቀቷን ይዛ መጣች። ስም አይጻፍም፣ ሞልተው ቁጥር ባለው ፖስታ ያሽጋሉ። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ተናደድሽ፣ ስንት ጊዜ ነገሩ ከእጅሽ ወጣ... ዜሮ «በጭራሽ» ነው፣ አራት «ሁልጊዜ»። ሴቶቹ ሞሉ። ቤቲ እንዳታያቸው ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። እኔ የናንተው ብልህ ደግሞ በሜይ ጆሮ፣ «ከመታሸጉ በፊት ፎቶ!» አልኳት። ሜይ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች... ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ! ቤቲ የማይክሮዌቩ ድምፅ መስሏት ይሆናል።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሽንኩርት ስከትፍ ቤቲ መጣችና፣ «እማ፣ ነገ ሆቴሉ እመጣለሁ» አለች።

«ምን ቀረሽ?»

«ያንኑ ወረቀት እንደገና ይሞላሉ።»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። «ምን አጠፉ?!»

«ምንም! ሪላያቢሊቲ ነው፣ አስተማማኝነት። ሚዛን ላይ ዛሬም ነገም ወጥተሽ ተቀራራቢ ቁጥር ካላሳየሽ ሚዛኑ አይታመንም አይደል? የኛም ጥያቄ እንደዛ ነው።»

«ካልተቀራረበስ?»

«ያኔማ ችግር አለብን።»

አያችሁልኝ? «አለብን» አለች! ችግሩ ማን ላይ ነው? ሬኮመንዴሽኑ ላይ ነዋ! ናይሮቢ ላይ በአንዲት ቆርቆሮ የተጓተተው ነገሬ ዛሬ በልጄ ሊደገም? ሞቼ ነው ቆሜ!

በማግስቱ ጠዋት ሜይን በአንሶላው ያዝኳት።

«ዛሬ ያንኑ ወረቀት» አልኳት ስንቀራረብ። ተራራቅን።

«አውቃለሁ» አለች ስትመጣ። «ዛሬ ብዙ ጭንቀት። ጣሪያ ወደቀ።»

እውነቷን ነው። በዚያው ሳምንት ከላይ ያለው ጎረቤት የገንዳውን ውኃ ረስቶት፣ የሜይ መኝታ ቤት ጣሪያ ከነመብራቱ አልጋዋ ላይ ተዘርግፏል። ባልዲ አቅፋ ነው የምታድረው።

«አራት እጽፋለሁ፣ ሁሉም አራት!» አለች።

«አይሆንም! የድሮው ወረቀት ምን ይላል?»

«አንድ።»

«አንድ ጻፊ!»

ተራራቅን። አሰበች። ተመለሰች። «ጣሪያውስ?»

«በድሮው ወረቀት ጣሪያው ደህና ነው!»

አንሶላውን እንደወጠረች ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «ኢሚግሬሽን?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ኢሚግሬሽን» አልኳት። ራሷን እንደ ሽማግሌ ነቀነቀች። ለካ እሷም ቤት በር የቆጠረ አለ!

ከሰዓት ሴቶቹ ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ቤቲም እንደ ሕጉ ጀርባዋን ሰጠች። ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲገለብጡ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚገለብጡ ነበር የሚመስሉት። እንዴት ደስ አለኝ! ልጄን በአንድ ቀን ነርስ ያደረግኳት መሰለኝ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። እናት ያቦካችውስ? ጠብቁ።

ሳምንት ሳይሞላ ቤቲ ዓይኗ ቀልቶ ገባች። «ፕሮፌሰሯ ነገ አንቺን ማናገር ትፈልጋለች» አለችኝ፤ ሌላ ቃል የለም።

የሰነድ ቦርሳዬን አነሳሁ፤ የዜግነት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የቤቲ የልጅነት ክትባት ካርድ... ባለቤቴ «ክትባቱ ለምንሽ ነው?» ቢለኝ፣ «ዝም በል አንተ ቆርቆሮ!» አልኩት።

ፕሮፌሰሯ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ድምጿ ለስለስ ያለ ሴት ናት። ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንዷ ሴት ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ሦስትን አክብባ፣ ተሳስታ ኖሮ ሰርዛ፣ ስርዙ አጠገብ ፈርማ፣ ከዚያ አንድን አክብባለች። ሁለተኛው ወረቀት ላይስ? ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ሦስትን አክብባ፣ ሰርዛ፣ ስርዙ አጠገብ ፈርማ... አንድን አክብባለች! ስህተቱ ሳይቀር ተገልብጧል! ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይሄ ነው።

«የሰው መልስ ይቀራረባል፤ ስህተቱ ግን እንዲህ መንታ ሆኖ አይወለድም» አለች ፕሮፌሰሯ። «የላውንደሪው ወረቀት ሁሉ እንደዚህ ነው። ቤቲ ቤቷ ተቀምጣ ሞልታው እንዳይሆን ፈርቻለሁ። እርስዎ እዚያው ነዎት፤ የሚያውቁት ነገር አለ?»

ይህን ሁሉ የተረጎመችልኝ ራሷ ቤቲ ናት።

እኔ ምን አልኩ? «ምንም አላውቅም!» እንዲያው ከአፌ አመለጠኝ። ልማድ ነው፤ ቢሮ ስገባ ምላሴ በራሱ ይክዳል። አሁን ደግሞ ብያለሁ፤ ያልኩትን አልለውጥም...

ፕሮፌሰሯ ወረቀቶቹን ወደ እኔ አስጠግታ፣ «እርግጠኛ ነዎት? የሚያውቁት ነገር የለም?» አለች።

ሁለተኛ! ያንኑ ጥያቄ! ዞር ስል ቤቲን አየኋት። ወለሉን እያየች የእጅጌዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች፤ ሕፃን ሳለች ክትባት ላስወጋት ስወስዳት እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ይኸው ካርዱም ጭኔ ላይ ነው...

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እማ?»

«እኔ ነኝ በያት! ተርጉሚ! ፎቶ አንሱ ያልኩት እኔ፣ ገልብጡ ያልኩት እኔ! ይቺ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የቆመችው!» በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሌን ለወጥኩ። ጣሪያው አልወደቀም፤ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ።

የቆርቆሮውንም፣ የሜይን ባልዲም ሁሉን ዘረገፍኩት። ቤቲ እየተረጎመች መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች። ፕሮፌሰሯ አፏን በእጇ ይዛ ቆየችና፣ «የሚቀራረበው በመሃል ምንም ያልደረሰበት ሰው መልስ ነው። ጣሪያ የወደቀባት ሴት አራት ብትጽፍ እኮ ጥያቄው ሠራ ማለት ነው» አለች። የላውንደሪው ወረቀት ተጣለ፤ ልጄ አልተጣለችም። ሌሎች ሰዎች ፈልጋ እንድትጨርስ፣ ስልክም አስቀድሞ እንዲሰበሰብ ተባለ። ሬኮመንዴሽኑም እንዳለ ነው፤ እኔ ዳግመኛ እንዳልረዳት ብቻ ቃል አስገቡኝ።

ስንመለስ መኪናውን የምትነዳው ቤቲ ናት። ቻምበርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ጭንቅ አለሽ?»

«እኔ? በጭራሽ! እግዚአብሔር ይመስገን።» ከኋላችን የፖሊስ መኪና ስለነበረ የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዣለሁ።

እቤት ገብታ መልሴን ወረቀት ላይ ጻፈችው። ሁለት ሳምንት ቆጥራ፣ እኔ ልብስ ሳጥፍ መጥታ ደግማ ጠየቀችኝ።

«በጭራሽ! እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከመጀመሪያው መልስ ሥር ጻፈችውና ራሷን ነቀነቀች። «እማ፣ ኮሎራዶ ውስጥ እንዳንቺ አስተማማኝ ሰው የለም።»

«ተባረኪ ልጄ!»

«ሁለቴም ቃል ሳትለውጪ ነው የዋሸሽው።»

ወረቀቱን ሰጥታኝ እየሳቀች ወጣች። እኔም አየሁት፤ እውነትም ሁለቱም መልሶች አንድ ናቸው፣ ስርዝ ድልዝ የለባቸውም። ልመልስላት ተነሳሁና ትዝ አለኝ...

ጠቅ!

ሦስተኛ ብትጠይቀኝስ?