«እንብላ» ያልተባለው መደብ

እኛ ሰዎች ብቻችንን መብላት አንችልበትም። አውቶቡስ ላይ ብርቱካን የላጠ ሰው አጠገቡ ለተቀመጠው መንገደኛ «እንብላ» ሳይል አይቀምስም። መንገደኛው እምቢ ማለቱ ያለ ነው፤ አለመጋበዝ ግን ነውር ነው። እርስዎም ያውቁታል። ሳይንስ ግን ይህን አያውቅም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ከደሴ መቀሌ በሄድኩ ጊዜ ጥናቴ በዩኒቨርሲቲው የምርምር ማሳ ላይ ያለ ቆስጣ ነበር። ሦስቱ መደቦች በየመጠናቸው ኮምፖስት ያገኛሉ፤ አራተኛው ከውኃ በቀር ምንም። ሥራው ማነጻጸሪያ መሆን ነው፤ እሱ ካልተራበ የሌሎቹ መጥገብ በምን ይታወቃል? ማሳውን የሚንከባከቡት አደይ ለተብርሃን ነበሩ፤ በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት የሚሠሩ፣ ሁላችንም «አደይ»፣ እናቴ፣ የምንላቸው ሴት።

ልለካ ስደርስ አራተኛው መደብ ከሁሉም ወፍሮ አገኘሁት። በማግስቱ ከምኖርበት ከዓይደር ሰፈር በመጀመሪያው ሚኒባስ ገሰገስኩ። አደይ በቀሚሳቸው ያቀፉትን ኮምፖስት እዚያው መደብ ላይ እየበተኑ ነው።

«አደይ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ወደይ፣ ልጄ፣ ሦስቱ ሲበሉ ይሄ ቁጭ ብሎ ያያል። እንታይ በደለ፣ ምን አጠፋ? ኣነስ አላስቻለኝም!» ከዚያ ፊቴን አዩና ድምፃቸው ቀነሰ። «ለአለቃ ትነግራለህ?»

ተናደድኩ፤ የአንድ ወቅት ልፋቴ ገደል ገብቷል። ግን ኮንትራታቸው የሚታደሰው በዚያው ወር ነው፤ የሚፈርሙትም የእኔው አማካሪ ናቸው። አንጀቴን በሉት። አማካሪዬ «ይህን ማን አበላው?» ሲሉኝ «እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ» አልኩ።

«ድገመው» አሉ።

በሁለተኛው ዓመት አደይ ማሉልኝ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ብቻ አራተኛውን ሲያጠጡ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ «ይቕሬታ ግበረለይ» እያሉ ቆስጣውን ይቅርታ ይጠይቁታል። እኔ እስቃለሁ። ልለካ ሳምንት ሲቀረኝ አደይ ልቅሶ ሄዱና ማጠጫው እኔ እጅ ገባ። በመጀመሪያው ቀን አጠጣሁ። በሁለተኛው ቀን እኔም ፊቴን አዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ቆስጣው ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ አየሁት። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ኲሓ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ ከሚወርደው አውሮፕላን በቀር ማንም የለም። አንድ እፍኝ ሰጠሁት። በአንድ ጉርሻ ማሰናበት ደግሞ ነውር ነውና ሁለት ጨመርኩ።

አማካሪዬ በማግስቱ ሲመጡ ጥቁሩ ኮምፖስት እዩኝ እዩኝ ይላል። አፌን ሳልከፍት፣ ያን ጠዋት የተመለሱት አደይ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ ልቅሶ ላይ አልነበሩም እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ዘንድሮ እውነቴን ነበር። አማካሪዬ ሁለታችንን በየተራ ሲያዩን የአምናውም ነገር የገባቸው መሰለኝ። ከቦርሳቸው የአደይን ኮንትራት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ፈረሙና ሰጧቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ድገመው።»

በሦስተኛው ዓመት አራተኛው መደብ ታጠረ። ቁልፉን ግን አማካሪዬ ለእኔም ለአደይም አልሰጡንም።