ፓምፑን ውሃው ይሸከመዋል

ኔቪል፦ ጣላት! ያቺን ነገር ከእጅህ ጣላት አልኩህ! እሷ ፓምፕ ናት? የሴት ፀጉር ማድረቂያ!

ዳሪል፦ ቀላል ናት እኮ።

ኔቪል፦ ቀላል ናት ይለኛል! ያንተም ጭንቅላት ቀላል ነው፤ ምን ጠቀመህ? ጀልባ የሚነፋው በቅለት ነው በጉልበት?

ዳሪል፦ (አስቦ፣ አስቦ) በንፋስ።

(ቀትር ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ሁለቱ ሰዎች አሸዋ ላይ፣ የረዣዥም ባሕር ዛፎች ጥላ ሥር ቆመዋል። በመሀላቸው የጎማ ጀልባ ሆዱ ባዶ ሆኖ እንደ ሰነፍ ውሻ ተዘርግቷል። አጠገቡ ሁለት የኤሌክትሪክ ፓምፖች ተቀምጠዋል፤ አንዷ የጫማ ሳጥን ታክላለች፣ ሌላው የራሱን ባትሪ አዝሎ የመንገደኛ ሻንጣ ያክላል። ሁለቱንም ከሲድኒ ያመጣቸው ኔቪል ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ አቅፏቸው ተጉዞ ትናንት ማታ ገብቶ ዳሪል ሶፋ ላይ አደረ። ኔቪል ስለ ጀልባ የታተመ ማስታወቂያ አንድ ሳይቀረው አንብቧል። ጀልባ ላይ የወጣው ግን በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ሲያስመልሰው ዋለ። ዳሪል የዚችው ከተማ ሰው ነው፤ አንድ ቃል ለመትፋት ሁለቴ የሚያላምጥ።)

ኔቪል፦ ስማኝ አማቼ፣

ዳሪል፦ አማችህ ሆንኩ እንዴ?

ኔቪል፦ እስከ ማታ ትሆናለህ! ዛሬ ሦስታችን በምንገባበት የጀልባ ውድድር ወንዙ መሀል ስንደርስ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? ቀለበቴን አወጣና እህትህን ሊያንን “አግቢኝ” እላታለሁ። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት።

ዳሪል፦ ቀለበት ካለህ ስትመጣ እዚሁ ጠይቃት።

ኔቪል፦ እንዲህ ያለ ነገር አሸዋ ላይ ይጠየቃል? አንተ ሰውዬ ልብ የለህም! ወንዝ መሀል ነው የሚጠየቀው፤ ጀልባው ወዝወዝ ሲል፣ እሷም ጠጋ ስትል።

ዳሪል፦ መሸነፍ አትወድም ግን። አምና ከውድድሩ መጨረሻ የወጣን ጊዜ እስከ ገና አላናገረችኝም። ዛሬም ብንሸነፍ እንኳን ቀለበትህን፣ ሰላምታህንም አትቀበል።

ኔቪል፦ ለዚህ እኮ ነው ትልቁ ፓምፕ ያስፈለገው! የዚህ ግፊቱ ሃያ ነው። የዚያች ሦስት ነው። ከሃያና ከሦስት የቱ ይበልጣል?

ዳሪል፦ ሃያ ምን?

ኔቪል፦ ሃያ ነዋ! ሃያ... ሃያ ግፊት!

ዳሪል፦ ጀልባው ላይ “ከሁለት ተኩል አትለፉ” ተብሎ ተጽፏል።

ኔቪል፦ እሱ ለፈሪ የተጻፈ ነው።

ዳሪል፦ ይከብዳል እኮ ኔቪል። ደንቡን ነግሬሃለሁ። ፓምፑ ከጀልባው አይለይም። ነፍተን ስናበቃ እስከ መጨረሻው ይዘነው ነው የምንሄደው።

ኔቪል፦ ምን ያደርግልናል?

ዳሪል፦ መንገድ ላይ እሾህ ሲወጋው መልሰን እንድንነፋው ነዋ።

ኔቪል፦ እሾህ! ወንዝ ውስጥ እሾህ!

ዳሪል፦ ሞልቷል።

ኔቪል፦ (ወደ ሰማይ እያየ) አምላኬ፣ ከዚህ ቤተሰብ እህቲቱን ብቻ መርጦ ማግባት አይቻልም? ስማ፣ ደግሜ አልነግርህም። አንድ ነገር ጀልባ ላይ ሲጫን ክብደቱን ማን ነው የሚሸከመው?

ዳሪል፦ እኛ።

ኔቪል፦ ውሃው! ውሃው ነው የሚሸከመው! ይህን የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ያውቀዋል!

ዳሪል፦ ውሃው?

ኔቪል፦ ውሃው!

ዳሪል፦ (ትከሻውን ነቅንቆ) እንዲህ ከሆነ ትልቁን ውሰድ። ግን አንተው ያዘው።

ኔቪል፦ እኔው እይዘዋለሁ! በትንሽ ጣቴ እይዘዋለሁ!

(ፓምፑ ተመረጠ። መንግሥት የሚመሠርቱ ሰዎች እንኳ እንዲህ በኩራት ደረታቸውን አይነፉም። ኔቪል ተንበርክኮ ቱቦውን ሰካ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ፓምፑ አገር ይያዝልኝ ብሎ ጮኸ፤ ዛፍ ላይ የነበሩ ወፎች በሙሉ ቤታቸውን ለቀው ሄዱ።)

ዳሪል፦ ኔቪል።

ኔቪል፦ ምን?

ዳሪል፦ እየከሳ ነው።

ኔቪል፦ ማን?

ዳሪል፦ ጀልባው።

ኔቪል፦ (ጀልባውን አየ፤ ላብ አጠመቀው፤ ፊቱ ላይ ግን አንዲት ጅማት አላነቃነቀም) መክሳቱ አይደለም። አሮጌው አየር እየወጣ ነው። የባለሙያ ሥራ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሆድ ማጽዳት።

ዳሪል፦ አሮጌው አልቆ ፓምፑ ጎማውን ሊውጠው ነው። በወዲያኛው ጎን ሌላ ቀዳዳ አለው፤ “መንፊያ” ይላል።

ኔቪል፦ አይቼዋለሁ! አንተ ታየው እንደሆነ ልፈትንህ ብዬ ነው። (ቱቦውን አዙሮ ይሰካል፤ ጀልባው ማበጥ ይጀምራል) እስኪሞላ ድረስ ስለ ወንዙ ንገረኝ። ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?

ዳሪል፦ ብዙም አይደል። እስከ ቁርጭምጭሚት። ለስለስ ያለው ቦታ ስትደርስ እስከ ባትህ ይውጥሃል።

ኔቪል፦ ለጎማ ጀልባ የተፈጠረ ወንዝ! ሙቀቱስ? ቅዝቃዜ ጡንቻ ያስራል።

ዳሪል፦ ቅዝቃዜ የለውም። በዚህ ሰዓት እንቁላል ይጠብሳል።

ኔቪል፦ ፍልውሃ ነው በለኛ! ሊያን እንዴት ሳትነግረኝ ቀረች?

ዳሪል፦ ጫማህ የታለ?

ኔቪል፦ መርከበኛ ጫማ አያደርግም።

ዳሪል፦ (የኔቪልን ነጫጭ እግሮች ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው እያየ) እሺ።

ኔቪል፦ ማዕበል አለው?

ዳሪል፦ ንፋስ ሲነሳ ይነሳል። ያኔ ዓይንህን ጨፍነህ አፍህን መግጠም ነው። አንዴ ከገባብህ ሳምንት ሙሉ ጥርስህ ሥር ይንኮሻኮሻል።

ኔቪል፦ ጨዋማ ነው ማለት ነው።

ዳሪል፦ ጨው የለውም። ቀምሼዋለሁ።

ኔቪል፦ ሰው ሰምጦበት ያውቃል?

ዳሪል፦ የሰመጠ የለም። አምና ግን አንዱ ተደናቅፎ ክንዱን ሰበረ።

ኔቪል፦ ወንዝ ውስጥ ተደናቅፎ!

ዳሪል፦ የዛፍ ሥር ጠልፎት።

ኔቪል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አዞስ? ለራሴ አይደለም፤ ለሊያን ብዬ ነው።

ዳሪል፦ አዞ እዚህ ምን ሊጠጣ ይመጣል?

ኔቪል፦ (ነፍሱ መለስ ብላ) “ምን ሊበላ” ነው የሚባለው! አዞ የሚመጣው ሊበላ ነው። አቤት፣ ከስንቱ ጀምሬ ላስተምርህ!

(ጀልባው ሞልቶ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ኔቪል ፓምፑን አጠፋ፤ ከዚያም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ ስለ ግፊት የሚያውቀውን ሁሉ ማፍሰስ ጀመረ። በዓይነ ሕሊናው የሚታዩት ሊያን፣ ቀለበቱና ማዕበሉ ናቸው። ከኋላው ዳሪል ከኪሱ ትልቅ መቀስ አውጥቶ ጀልባው ውስጥ ገባ፤ ለቀሚስ ጨርቅ እንደሚቆርጥ ልብስ ሰፊ ተረጋግቶ ወለሉን ዙሪያውን ቀደደው።)

ኔቪል፦ ...ስለዚህ ግፊት ማለት አማቼ፣ የጀልባ ነፍስ... (ዞር ይላል) ኧረ! ኧረ ኡኡ! ምን አደረግክ?

ዳሪል፦ ወለሉን ቆረጥኩት።

ኔቪል፦ ወለሉን! ጀልባ ያለ ወለል! አበድክ?

ዳሪል፦ ታዲያ እግራችን በየት ይውጣ?

ኔቪል፦ እግራችን ለምን ይወጣል? አንተ ነፍሰ ገዳይ! እንሰምጣለን እኮ!

ዳሪል፦ ምን ውስጥ?

ኔቪል፦ ወንዙ ውስጥ ነዋ!

ዳሪል፦ ወንዙ ውስጥ ከገባን ቆየን።

ኔቪል፦ ምን?

ዳሪል፦ ወንዙ ይኸው። ቆመህበታል።

(ኔቪል እግሩን አየ። አሸዋ። ወደ ግራ አየ፤ አሸዋ። ወደ ቀኝ አየ፤ አሁንም አሸዋ፤ እሱም ላይ ከየዛፉ ጀርባ ብቅ ብቅ የሚሉ የከተማው ሰዎች፣ የተነፉ ጀልባዎችን እንደ መቀነት ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ በየጀልባው ሥር ባለጫማ እግሮቻቸውን ለሩጫ እያፍታቱ። በሁለቱም በኩል ያለው አፈር ኮረብታ መስሎት ነበር፤ ለካ የወንዝ ዳር ነው።)

ኔቪል፦ (በቀጭን ድምፅ) ውሃውስ?

ዳሪል፦ ባሕር ዛፍ እንጂ ባሕር የለንም። በረሃ ነው እኮ ይሄ። ጀልባውን ይዘን እንሮጣለን፤ ድሮም እንዲሁ ነው።

ኔቪል፦ ለምን አልነገርከኝም!

ዳሪል፦ ጥልቀቱን ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ። ሙቀቱን ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ። ውሃ አለው ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም። (ትልቁን ፓምፕ አንስቶ ኔቪል ትከሻ ላይ ያስቀምጥለታል) እንካ። ውሃው እስኪሸከመው አንተ ያዘው።

(ሊያን ትመጣለች። ነርስ ናት፤ ዛሬ ግን የካፒቴን ባርኔጣ ደፍታ፣ የሩጫ ጫማዋን አጥብቃ ስትመጣ ሐኪሞችም ቢሆኑ ከመንገዷ ይሸሻሉ።)

ሊያን፦ ምን ትገተራላችሁ? ፊሽካው ሊነፋ ነው! ዳሪል፣ ወለሉ ተቆረጠ? ጎበዝ። ኔቪል፣ ጫማህ የታለ? ትከሻህ ላይ የተሸከምከው ማቀዝቀዣ ነው?

ኔቪል፦ ፓምፕ ነው... ሊያን፣ አንዴ ብቻ ስሚኝ። (ከጥላው ወጥቶ ይንበረከካል፤ ጉልበቱ አሸዋውን ሲነካ እንደተጠበሰ ድመት ይዘላል፤ ጥርሱን ነክሶ እንደገና ይንበረከካል) ይህን ልልሽ ያሰብኩት ወንዝ መሀል ነበር...

ዳሪል፦ መሀሉ ላይ ነህ፤ ቀጥል።

ኔቪል፦ ...ውሃው ወዝወዝ ሲያደርገን። አግቢኝ!

ሊያን፦ (ሳቋን መያዝ አቅቷት) ውሃ ኖሮ ወዝወዝ ሊያደርገን? አንተ መርከበኛዬ! እሺ፣ እምቢ ልልህ ልቤ አይጨክንም፤ ይህን ልበልህ፤ ወንዙ የመጣ ዕለት ጠይቀኝ። የዚያን ዕለት አገባሃለሁ።

ኔቪል፦ (ብድግ ብሎ ከነፓምፑ እየጨፈረ) እሺ አለችኝ! ዳሪል፣ ሰማህ? እሺ አለችኝ! መቼ ነው የሚመጣው?

ዳሪል፦ (ጀልባው ላይ ወድቆ በሳቅ እየፈረሰ) መጨረሻ የመጣው እኔ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው! ጠብቀው! ቁጭ ብለህ ጠብቀው እንጂ!

ኔቪል፦ እጠብቀዋለሁ።

ዳሪል፦ ጠብቀው! ወይ ሰውዬው! ዓመት ጠብቀው! አሥር ዓመት ጠብቀው!

ኔቪል፦ እጠብቀዋለሁ አልኩህ። ሥራዬን ነገ በስልክ እለቃለሁ፤ ዕቃዬም በሚቀጥለው አውቶቡስ ይመጣል። ደግሞ ሶፋህ እንዴት ተመቸኝ መሰለህ!

ዳሪል፦ (ሳቁን አቁሞ ከጀልባው ላይ ብድግ ብሎ) የማን ሶፋ?

ኔቪል፦ ያንተ ነዋ አማቼ! ሌላ ማንን አውቃለሁ? ወንዙ እስኪመጣ ካንተ ወዴትም አልነቃነቅም። ጠዋት ጠዋት ስለ ግፊት አስረዳሃለሁ፣ ማታ ማታ ስለ ቫልቭ። ካታሎጎቼን ሁሉ አስመጣቸዋለሁ፤ ጮክ ብዬ ነው የማነባቸው።

(ፊሽካው ተነፋ። ሊያን ሁለቱን በአንገትጌያቸው ይዛ ጀልባው ውስጥ ከተተቻቸው፤ ጀልባውም ስድስት እግር አብቅሎ ተነሳ። ኔቪል በባዶ እግሩ እየነጠረ፣ ፓምፑ ጆሮውን እየደበደበው፣ “ግራ! ቀኝ!” እያለ የሌለ ውሃ ላይ ትእዛዝ ያወርዳል፤ ደስታው ከሩጫው ይፈጥናል። ከኋላ ዳሪል መንገዱን ትቶ ሰማይ ሰማዩን እያየ ነው የሚሮጠው። የእጅ መሐረብ የምታክል ደመና የለችም።)

ዳሪል፦ (እያለከለከ) ሊያን! እህቴ! በእናታችን ይዤሻለሁ፣ አሁኑኑ እሺ በይው!